በልጆቻችሁ ፈንታ አትንፉ

በሱዳን፣ ካርቱም ውስጥ ባለችው ካላክላ አብረን ኖረን፣ ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ወዲህ ተበትነን፣ ዛሬ ልጆቻችን ዘንድ ለተጠጋን ሽማግሌዎችና እናቶች ይህን እጽፋለሁ። ይልቁንም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ላላችሁት።

የሱዳኑ መሪ ኒሜሪ በ1983 ሸሪዓን አውጀው መጠጡን ዓባይ ውስጥ ካስደፉ በኋላ፣ ካላክላ ውስጥ መጠጥ የሚደበቅ ነገር ሆነ። የጠጣ ሙስሊም አርባ ጅራፍ ይጠብቀው ነበር፤ የቴምር ዓረቂ ስታወጣ የተያዘች የእኛ አገር ሴትም መከራዋን ታይ ነበር። ከሻ (የፖሊስ አሰሳ) መጣ ሲባል ጀሪካኑን ጓዳ ከተን፣ የሰከረውን ጎረምሳ በር ዘግተንበት፣ ፖሊስ ሲጠይቅ «አላየንም» ብለናል። ለሙስሊም ላልሆነ ሰው መጠጣት የተፈቀደው በ2020 ነው፤ እስከዚያ ድረስ መሸሸግ የአባትነት ሥራችን ነበር። ይህን ልማድ ግን ይዘነው ተሻግረናል፤ ፍርሃቴም እዚህ ላይ ነው።

በሜሪላንድ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ የተፈረደበት ሰው መኪናው ውስጥ የትንፋሽ መመርመሪያ ይገጠምበታል። ካልነፋ ሞተሩ አይነሳም፤ ትንፋሹ ውስጥ ከተወሰነው መጠን በላይ አልኮል ካለም አይነሳም። ከተነሳ በኋላም እየነዳ ሳለ መሣሪያው ጮኾ «እንደገና ንፋ» ይለዋል። ሁሉም ይመዘገባል፤ ካሜራ ያለውም አለ።

አንዲት የምናውቃት እናት ሊነጋጋ ሲል ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች መኪናው ውስጥ ገብታ ለልጇ ነፋችለት። «ተኝቶ ነቅቷል፣ ማሽኑ ነው የተበላሸው» አለችኝ። ማሽኑ አልተበላሸም። ሌሊቱን የጠጣ ሰው ጠዋትም መጠጡ ደሙ ውስጥ አለ፤ ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም አያወጣውም፤ የሚያወጣው ሰዓት ብቻ ነው። ልጇን ለፈረቃው አደረሰችው ብላችሁ አታመስግኗት፤ ከነስካሩ መንገድ ላይ ለቀቀችው።

ይህን መሣሪያ የሚያስገጥመው የሜሪላንድ ሕግ የሚጠራው በሟች ስም ነው። ኖዋ ሊዮታ የ24 ዓመት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ ነበር። በዲሴምበር 2015 ጠጥተው የሚነዱትን ለመያዝ ተሰማርቶ ሳለ፣ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ገጨው፤ ከቀናት በኋላ አረፈ። ወላጆቹ ሐዘናቸውን ይዘው ሕግ አውጪዎቹ ፊት ቀርበው ተሟገቱ፤ ሕጉም በኦክቶበር 2016 ሥራ ላይ ዋለ። እነዚያ አባትና እናት የሌላው ልጅ እንዳይሞት ለምነው ያስገጠሙትን፣ እኛ ለልጃችን ብለን እናታልለው?

በሌላ ሰው ፈንታ መንፋት ራሱ ወንጀል ነው። የጥገኝነት ውሳኔ የምትጠብቁ ሰዎች፣ በዚህ ጉዳይ ዳኛ ፊት መቆም ምን እንደሚያስከትልባችሁ አስቡ።

እንግዲህ ልጁ ሲቀሰቅሳችሁ እምቢ በሉት። ቁልፉን ተቀበሉት። ታክሲ ጥሩለት፣ ሒሳቡንም ክፈሉለት፤ ካጣችሁ ለእኔ ደውሉ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ። ከሥራ ቢቀር ይቅር፤ ቢያኮርፋችሁም ያኩርፍ።