ፍልስፍና እንጀራ አይሆንም ያለው ማነው?

እንግሊዝኛ የተማረ ኤንጂኦ ይገባል፣ ፍልስፍና የተማረ ሥራ ፈትቶ ይቀራል! የከተማችን ወላጅ ዜማ ይኸው ነው። የእህቴንም ልጅ በዚሁ ወጥረው ይዘዋታል፤ እኔ ግን ለእሷ አግዣለሁ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃውም የዩኒቨርሲቲውም ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ነው ብሏል። ፍልስፍና ብትመርጥም አፍላጦንን የምታነበው፣ ፈተናዋን የምትጽፈው በዚያው በፈረንጅ አፍ ነው። ታዲያ ምን ቀረባት? ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር እኮ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ለዓለም አሳይተዋል (የማን ድርሰት ነው የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ)። እኛ ቤት ግን «ለምን?» ያለች ልጅ አፈኛ ትባላለች። እንግሊዝኛውንም ቢሆን ሼክስፒርን ወዳ ከሆነ እሰየው፤ ለማመልከቻ መጻፊያ ያህል ከሆነ ግን የማታ ትምህርትም ይበቃታል።