ይሰፋ ወይስ ይገዛ?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ትምህርትህን ጨርሰህ፥ ሥራ ይዘህ ገንዳ ውሃ ተመደብህ እንበል። የመጀመሪያ ደመወዝህን ተቀብለህ ወደ ገበያ ስትወጣ ሁለት በር ይጠብቅሃል። በአንደኛው ተሰፍቶ ያለቀ ሱሪና ሸሚዝ ተሰቅሏል፤ ከሁለተኛው የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ከየትኛው ትገባለህ?

ብዙው ወጣት ከፊተኛው ይገባል፤ አይፈረድበትም። ልብሱን በዓይኑ አይቶ፥ በገላው ሞክሮ፥ ዕለቱን ይዞ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ግን «ለቅዳሜ» ብሎ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሲያሻግረው ያልገጠመው ማን አለ?

ሆኖም የሱቁ ልብስ በማን ልክ እንደተሰፋ ጠይቅ። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለወታደሮች የደንብ ልብስ በገፍ ሲሰፋ የታወቀው የሰውነት ልክ፥ ኋላ ለወንዶች ልብስ ቁጥር መነሻ ሆነ። ቁጥሩ የብዙ ሰው አማካይ ነው እንጂ ያንተ ወገብ አይደለም።

በቆላ ግን ከልኩም የጨርቁ ነገር ይብሳል። ከክረምቱ በፊት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር ፖሊስተር መልበስ ራስን መቅጣት ነው። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ስለሚሠራ ላብ የመምጠጥ ዓቅሙ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥጥ ግን ይመጥጣል። የመተማ ቆላ ደግሞ ራሱ ጥጥ አብቃይ ነው፤ በጥጥ አገር ተቀምጦ በፖሊስተር መታፈን ምን ይባላል?

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትቀመጥበትን ሱሪ አሰፋ። የጥጥ ጨርቅ ምረጥ፤ ሳይቆረጥ ውሃ ነክረህ አድርቀው፤ የሚያጥር ከሆነ ያኔውኑ ይጠር። ሰፊው በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተውልህ፤ ስትወፍር ይለቀቃል። ሸሚዙን ከሱቅ ብትገዛ ግድ የለም፤ ነገር ግን ትከሻውን አስቀድመህ እይ። እጅጌ ይታጠራል፥ ጎን ይጠባል፤ ትከሻ ግን ለማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉ በላይ በዱቤ ሙሉ ልብስ አትልበስ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ንጹሕ ሆኖ የተተኮሰ ሁለት ሱሪ ያለው ጸሐፊ፥ ዕዳ ለብሶ በወር አጋማሽ ምሳ ከሚያጣው ይልቅ ቀና ብሎ ይሄዳል። ከደመወዝህ የተረፈውን ደግሞ ላክ፤ አስተምረው ለዚህ ያበቁህ በቤት ይጠብቁሃልና።