የሽማግሎች ቀለብና የጸሐፊ ብዕር

ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጠው ደመወዝ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው በየወሩ በእጁ የሚቀበለው፥ ለቤቱ ቀለብ ለልጆቹም ልብስ የሚያውለው ሲሆን፥ ሁለተኛው ጕልበቱ በደከመና ዐይኑ በፈዘዘ ጊዜ ይሰጠው ዘንድ በመንግሥት እጅ በአደራ የሚቀመጠው ነው። የፊተኛው ቢጐድል ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ ያውቀዋል፤ አውቆም ይጮኻል። የኋለኛው ግን ቢጐድል ባለቤቱ ሳያውቀው ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ባወቀውም ጊዜ ያጐደሉት ሹማምንት ከወንበራቸው ወርደዋል፥ ወይም ሞተዋል። ስለዚህ ከአደራ ገንዘብ ሁሉ ለመብላት የሚቀለው የጡረታ ገንዘብ ነው ብንል አንሳሳትም።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ ያሻናል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ውስጥ ኢሊኖይ የሚባል፥ ትልቁ ከተማው ቺካጎ የሆነ ባለጸጋ ግዛት አለ። እርሱን የመረጥንበት ምክንያት ጕቦና የጡረታ ጕድለት፥ ተቺንም ዝም ለማሰኘት መሻት፥ ሦስቱ በአንድ አገረ ገዥ ዘመን ተገናኝተው የታዩበት ስለ ሆነ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ግዛቱ አምስት የጡረታ ግምጃ ቤቶች አሉት፤ ይኸውም የመምህራን፥ የመንግሥት ሠራተኞች፥ የዩኒቨርሲቲዎች፥ የዳኞችና የሕግ አውጭው ምክር ቤት አባሎች ነው። በ1970 የጸደቀው ሕገ መንግሥቱ ጡረታ እንደ ጸና ውል የሚቈጠር መሆኑንና ጥቅሙም ሊቀነስ እንደማይገባ ደንግጓል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የመምህራኑ ነገር ነው። በአሜሪካ አብዛኛው ሠራተኛ ከማዕከላዊው መንግሥት የእርጅና መጦሪያ ሲያገኝ፥ የኢሊኖይ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር ግን በማስተማር ሥራው በዚያ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ፊደል ሲያስቈጥር የኖረ ሰው ተስፋው ይኸው የጡረታ ግምጃ ቤት ብቻ ነው። በ2024 አምስቱ ግምጃ ቤቶች የጐደላቸው ገንዘብ በጠቅላላው ከ140 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተቈጠረ፤ በውስጣቸው ያለውም ለሠራተኞቹ ከተሰጠው ተስፋ ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር።

ይህን ያህል ገንዘብ ማን ሰረቀው? ብሎ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። አብዛኛውን ማንም አልሰረቀውም፤ ሳይከፈል ቀረ እንጂ። የ2008 የገበያ ውድቀትና የሒሳብ ዐዋቂዎች ግምት አለመድረስም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ሥሩ አለመክፈል ነው። የጡረታ ገንዘብ በጊዜው ከተቀመጠ ይወልዳል፤ 100 ዶላር በየዓመቱ 7 በመቶ ቢወልድ በ10 ዓመት ወደ 200፥ በ20 ዓመት ወደ 400 ይጠጋል። ዛሬ 100 ዶላር ያልከፈለ ሹም እንግዲህ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሹም 400 ዶላር ዕዳ ያወርሰዋል ማለት ነው፤ እርሱ ግን ዛሬ ግብር ሳይጨምር መንገድ ሠራ ተብሎ ይመሰገናል።

በ1994 የወጣው ሕግ የ50 ዓመት ዕቅድ ነድፎ፥ ግምጃ ቤቶቹ በ2045 ከሚገባቸው ገንዘብ 90 በመቶው እንዲሞላላቸው አዘዘ። ዳሩ ግን በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ክፍያው በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያለ እንዲሄድ ስለ ፈቀደ፥ ከባዱ ሸክም ገና ላልተመረጡት ተላለፈ። በ2003 ሮድ ብላጎያቪች አገረ ገዥ ሆነ። በዚያው ዓመት ግዛቱ ለጡረታ ብሎ 10 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ነገር ግን ከብድሩ ከ2 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ለቀድሞው ጕድለት መሙያ ሳይሆን፥ መንግሥት ከዓመት ገቢው ሊከፍለው ይገባ ለነበረው መዋጮና ለብድሩ ለራሱ ወጪ ዋለ። አባወራ ለልጁ ከደመወዙ ሊያስቀምጥ የሚገባውን ከአበዳሪ ወስዶ አስቀመጥሁለት ቢል ልጁ ምን ተጠቀመ? በ2005 ደግሞ አገረ ገዥውና ምክር ቤቱ ተስማምተው የሁለቱን ተከታታይ ዓመታት ክፍያ 2 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቀነሱት። ይህን ዐይነቱን አሠራር በዚያ አገር የጡረታ በዓል ይሉታል። እኛ በምናውቀው በዓል ሰው ያለውን ያበላል እንጂ የሌላውን አይበላም።

ዮሴፍ በግብፅ ያደረገውን ሊቃውንቱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ፍሬ አምስተኛውን እጅ እየሰበሰበ በየከተማው አከማቸ እንጂ፥ ዘንድሮ አዝመራው ያማረ ነውና ጎተራው ይረፍ አላለም። የረሃቡን ዘመን ገና ማንም ሳያየው መሰብሰብ የቻለው ስለ ነገው የተነገረውን ስላመነና ፈርዖንም የተናገረውን እስረኛ ስለ ሰማው ነው።

አሁን ወደ ጕቦው እንመለስ። ስቱዋርት ሌቪን የሚባል ሰው የመምህራኑ ጡረታ ግምጃ ቤት ባላደራ ነበር። የግምጃ ቤቱን ገንዘብ ተቀብለው ሊያሠሩ ከሚሹት ነጋዴዎች መማለጃ ለመቀበል ከአገረ ገዥው ወዳጅ ከቶኒ ሬዝኮ ጋራ መከረ። ሌቪን በ2006 ጥፋቱን አመነ፤ ሬዝኮም በ2008 ተፈረደበት። የመምህራን አደራ በባላደራው እጅ ለገበያ ቀረበ ማለት ነው። ነገር ግን ሁለቱን ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው። በሌቪን ነገር የተጠየቀው መማለጃ በሚሊዮን የሚቈጠር ነበር፤ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ በሕግ ያስቀረው ክፍያ ግን በቢሊዮን። ስለ ፊተኛው ሰዎች ወኅኒ ወረዱ፤ ስለ ኋለኛው የታሰረ የለም፥ ሊታሰርም አይችልም። ለዚህኛው ዐይነት ጕድለት ፖሊስና ዳኛ መድኃኒት አይሆኑትም፤ ገና ጕድለቱ ሲጀምር ሒሳቡን መርምሮ በአደባባይ የሚናገር ሰው ካልተገኘለት በቀር።

እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ሹማምንት አይወዱትም። ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ በ2008 አገረ ገዥውን በርእሰ አንቀጹ አጥብቆ ይነቅፈው ነበር። የጋዜጣው ባለቤት የሆነው ኩባንያ በዚያው ወራት የነበረውን ትልቅ የኳስ ሜዳ ለመሸጥ የግዛቱን ርዳታ ይሻ ነበር። ዐቃቤ ሕግ በታኅሣሥ 2008 ባቀረበው የክስ ማመልከቻ እንደ ተጻፈው፥ አገረ ገዥው ርዳታውን የሚሰጠው የሚነቅፉት የርእሰ አንቀጽ ጸሐፊዎች ከሥራቸው ከተባረሩ እንደ ሆነ ለኩባንያው እንዲነገር ከረዳቱ ጋራ ሲማከር በስልክ ጠለፋ ተሰማ። ከጸሐፊዎቹ የተባረረ አልነበረም፤ እርሱ ግን ታኅሣሥ 9 ቀን ተያዘ። ጥር 29 ቀን 2009 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ59 ድምፅ፥ አንድም ተቃዋሚ ሳይኖር፥ ከሹመቱ ሻረው። በ2011 በሌሎች ነገሮች፥ ይልቁንም ባዶ የነበረውን የሕግ መወሰኛ ወንበር ለመሸጥ በመሞከሩ፥ በ17 ክስ ጥፋተኛ ተባለ፤ 14 ዓመት እስራትም ተፈረደበት። ከክሶቹ አምስቱን በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሰረዛቸው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2020 ከእስር አወጣው፥ በ2025ም ምሕረት አደረገለት። እርሱ ራሱ እስካሁን በደለኛ አይደለሁም ይላል።

በዚህ ነገር ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በጋዜጣ ላይ የሚከለክል ሕግ እንዳይወጣ አጥብቆ ያዛል፤ ስለዚህ በፊት ለፊቱ በር የሚገባ ሳንሱር የለም። አገረ ገዥው የሞከረው የጓሮውን በር ነበር። መያዣ የሆነለትም የጋዜጣው ባለቤት ከመንግሥት ጥቅም ፈልጎ መገኘቱ ነው። ብዕር የሚታሰረው በትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ በውለታም ይታሰራል፥ በውለታ የታሰረውም ገመዱ ስለማይታይ ነጻ ይመስላል። ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ እየበላን ርእሰ አንቀጽ ለምንጽፍ ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ተቺ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ለስሙ ወይም ለወገኑ የሚጮኽ ይገኛል፥ ሒሳብ ሳያውቅ የሚያስደነግጥም አለ፤ ሹማምንቱ ይህን ቢናገሩ ሐሰት አልተናገሩም። ነገር ግን ሐሰተኛውን ተቺ የሚያሳፍረው የተገለጠ መዝገብ ነው። የኢሊኖይ መዝገብ ግን ራሱ የተገለጠ አልነበረም። በ2013 የአሜሪካ የገንዘብ ሰነዶች ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ ግዛቱ ከ2005 እስከ 2009 የብድር ሰነድ ሲሸጥ የጡረታ ዕቅዱ ጕድለትን የሚያሳድግ መሆኑን ለገዢዎቹ በሚገባ አላስታወቀም ብሎ ወቀሰው። ግዛቱም ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም ነገሩን በስምምነት ጨረሰ። መንግሥት ለአበዳሪዎቹ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ነገሩን ሸፍኖ ሳለ፥ ጋዜጣ የሚጽፉትን ነገር አጋነኑ ብሎ ለመውቀስ ምን አፍ ይኖረዋል?

ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት እየሞቀ ሳለ የኤርምያስን መጽሐፍ ሲያነቡለት፥ ሦስትና አራት ዐምድ በተነበበ ቍጥር በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው። ክርታሱ ተቃጠለ፤ ባሮክ ግን ሁለተኛ ጻፈው፥ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። የባቢሎን ሠራዊት ግን ክርታሱ ስለ ተቃጠለ መንገዱን አልለወጠም።

ዕዳም እንደዚሁ ነው። በታኅሣሥ 2013 የኢሊኖይ ምክር ቤት የጡረተኞችን ጥቅም የሚቀንስ ሕግ ቢያወጣ፥ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2015 ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሆነው ሻሩት፤ ውሉን ያፈረሰ ችግር በመንግሥት እጅ የተሠራ ነውና ሠራተኛው አይከፍልም የሚል ነበር የፍርዱ መንፈስ። ጕቦውም አላቋረጠም። ከብላጎያቪች በፊት አገረ ገዥ የነበረው ጆርጅ ራያን በ2006 ተፈርዶበት ታሰረ፥ በ2010ም ጡረታውን ሁሉ በፍርድ አጣ። ከ1983 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በቀር እስከ 2021 የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆኖ የኖረው፥ የጡረታ ሕጎቹ ሁሉ በእጁ ያለፉት ማይክል ማዲጋን በ2025 በጕቦ ነገር ሰባት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ከአምስቱም ግምጃ ቤቶች በመቶኛ ሲቈጠር እጅግ ባዶ የሆነው የሕግ አውጭዎቹ የራሳቸው ነው፤ ለሌላው ያላዘነ ለራሱም አላወቀም።

የቀድሞዎቹን ጡረታ መቀነስ ስላልተቻለ ሸክሙ በአዲሶቹ ላይ ወደቀ። በ2010 የወጣው ሕግ ከጥር 1 ቀን 2011 ጀምሮ ሥራ ለሚገቡት ያነሰ ጡረታ ወሰነ፥ ሙሉውን የሚያገኙበትንም ዕድሜ 67 አደረገው። በዚያ ዓመት በ25 ዓመት ዕድሜዋ ማስተማር የጀመረች መምህርት ሙሉ ጡረታዋን የምትጠይቀው በ2053 ነው፤ በ1994 የነበሩት ሹማምንት ግምጃ ቤቱ ይሞላል ብለው ቀን ከቈረጡለት ከ2045 ስምንት ዓመት ያህል በኋላ። እስከዚያ ድረስ በየወሩ ከደመወዟ ይቈረጣል።