የባል ኩላሊት

ሚስት እጥበት ላይ ናት፤ ባል «የኔን ውሰዱላት» ይላል። የደም ዓይነታቸው ገጥሟል፣ እሱም ጤነኛ ነው። ላቦራቶሪው ግን የሷን ሴረም ከሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ጋር ሲያገናኝ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ሰበቡ ልጆቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ፅንስ የሕብረ ሕዋሱን መለያ ግማሽ ከአባቱ ይወስዳል፤ የእናቲቱ ሰውነት ያን መለያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርትበት ይችላል። ደጋግማ የወለደች ሴት፣ ሳታውቀው፣ በባሏ ኩላሊት ላይ ጦር ሰብቃ ልትጠብቅ ትችላለች።

ምርመራውን መናቅ አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ፓቴልና ቴራሳኪ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳተሙት፣ እንዲህ ያለ ግጭት ከታየባቸው 30 ንቅለ ተከላዎች 24ቱ ወዲያው ከሽፈዋል፤ ካልታየባቸው 195 ግን 8 ብቻ።

ዛሬ እንዲህ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ያለባቸውን ሕሙማን አስቀድሞ ማዘጋጀት ተችሏል። ፕላዝማቸው በማሽን ይጣራል፣ ኢሚኖግሎቡሊን በደም ሥር ይሰጣቸዋል። የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ መንገድ ተዘጋጅተው ከተተከለላቸው 80 በመቶ ያህሉ ከስምንት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ በእጥበት ከቆዩት አቻዎቻቸው ግን 30 በመቶ ያህሉ ብቻ። ስዊድኖች ደግሞ ጉሮሯችንን ከሚያቆስለው ባክቴሪያ ኢምሊፊዴዝ የተባለ ኢንዛይም አወጡ (ክፉ ተሕዋስ መድኃኒት ሲሆን ደስ ይለኛል)። ፀረ እንግዳ አካሉን በሰዓታት ውስጥ ይቆራርጠዋል፤ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020 በቅድመ ሁኔታ ፈቅዶታል። ችግሩ፣ የተቆረጠው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መልሶ ያቆጠቁጣል።

እኛ ግን ኢምሊፊዴዝ ይምጣልን ከማለታችን በፊት ለሕመምተኛው የምንሰጠውን የደም ከረጢት ብንመረምር ይሻላል ባይ ነኝ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መባቻ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ንቅለ ተከላ ሲጀምር ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። ለጋሽ የሚፈለገው ከቤተሰብ ውስጥ ብቻ ሲሆን አንድ ሰው ማጣት ሁሉን እንደ ማጣት ነው። ያን አንድ ሰው የሚያሳጣው ደግሞ የሚሰጠው ደም ሊሆን ይችላል። የታመመ ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዘውን ኤሪትሮፖይቲን በበቂ መጠን ስለማያመነጭ ሕመምተኛው ደም ያንሰዋል። የኤሪትሮፖይቲን መርፌውና አይረኑ ሲጠፋ ወይም ገንዘብ ሲያጥር ደም ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ከረጢት የሌላ ሰው መለያ ይዞ ይገባል፣ ሰውነቱም አዲስ ጠላት ሊመዘግብ ይችላል። ነፍስ ለማዳን በሚሰጥ ደም ላይ ክርክር የለኝም። መርፌ ስለጠፋ ብቻ የሚሰጠው ግን የነገውን ለጋሽ ሊያሳጣ ይችላል፤ ደም የሚያዝ ሐኪምም «ይህ ሰው ንቅለ ተከላ ይጠብቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ቤተሰብም ለእናት ለጋሽ ሲፈልግ «ልጆቿ አሉ» ብሎ አይቁም። ልጆቿ የአባታቸውን መለያ ይዘዋልና እንደ ባሏ ሊጋጩባት ይችላሉ። ወንድሞቿና እህቶቿም ከመጀመሪያው ቀን ይመርመሩ።