«መጠነኛ» ስንት ግራም ነው?

በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ዙሪያ ባሉት የጊጊሪ ቤቶች ክርስትናም ሆነ ልደት ሲከበር፣ አልጠጣም ያለችን እኅት ለማግባባት የሚቀርብ አንድ መከራከሪያ አለ። «ለሴት በቀን አንድ ብርጭቆ ወይን ጥሩ ኮሌስትሮሏን ይጨምርላታል፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ጽፈውታል» ይባላል። ብርጭቆውም ወዲያው ይሞላል። አባባሉ በቀላሉ የማይሸነፈው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው።

እውነቱን አልክድም። በልክ የሚጠጣ አልኮል ኤች ዲ ኤል የሚባለውን፣ በተለምዶ «ጥሩ» የምንለውን ኮሌስትሮል፣ በሴቶችም በወንዶችም ከፍ እንደሚያደርግ በተደጋጋሚ ተለክቷል። ጠቤ ከሚቀጥለው እርምጃ፣ «እንግዲያስ ልብን ይጠብቃል» ከሚለው ጋር ነው። ኤች ዲ ኤል ከፍ ማለቱ ብቻውን ልብን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ በተገኘ ነበር። መድኃኒቱ ኤች ዲ ኤልን ከ70 በመቶ በላይ ከፍ አደረገ፤ ነገር ግን ከወሰዱት ወገን የሞቱት በዝተው ስለተገኙ ሙከራው በ2006 መጨረሻ ተቋረጠ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2014 የታተመ ሰፊ የዘረ መል ጥናት ደግሞ በተፈጥሯቸው አነስተኛ አልኮል የሚጠጡ ሰዎች የልብ ሕመም ሥጋታቸው ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ። በቀደሙት ጥናቶች «የማይጠጡ» ተብለው ከተቆጠሩት ብዙዎቹ ታመው ያቆሙ ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር ጠጪው ጤነኛ መስሎ ቢታይ ምን ይደንቃል?

ስለ ሴት ከተነሣ ደግሞ ጡትን ሳይጠቅሱ ልብን ብቻ መጥቀስ ማታለል ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት አልኮልን በ1988 ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው፤ በ2007 የሴቶችን የጡት ካንሰር በዝርዝሩ ላይ ጨመረ። በቀን 10 ግራም አልኮል ሥጋቱን ከ7 እስከ 10 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። በኢትዮጵያም በኬንያም ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 ለጤና ሥጋት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ሲል በግልጽ አስታውቋል።

የእኛ የተርጓሚዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛው «አብሮ ታይቷል» ብሎ በጥንቃቄ የሚያልፈውን፣ በጤና ዓምዶቻችን የሚወጣው አማርኛ «ያስገኛል» ብሎ ይገላግለዋል። ማሰሪያ አንቀጹ ሲለወጥ፣ ምልከታ የነበረው የሐኪም ትእዛዝ ይሆናል።

«ታዲያ ጠጃችንንም ልትከለክሉን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ማንም አልከለከለም። አያቶቻችን ጠጅ የጣሉት ለድግስና ለደስታ ነበር፤ መድኃኒት ነው ብለው ኮሶ አላደረጉትም። ደስ ያላት ትጠጣ። ኮሌስትሮሏ ያሳሰባት ግን ቅቤዋን በፈሳሽ የሱፍ ዘይት ትተካ፣ የጾሙን ሽሮና ምስር ከጾሙ ውጭም ታዘውትር፤ የካሩራ ደን ለጊጊሪ ቅርብ ነው፣ ፈጠን ብሎ መራመድም ያንኑ ኤች ዲ ኤል በመጠኑ ከፍ ያደርጋል።

ከእንግዲህ «መጠነኛ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግራሙንም ይጻፍልን። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ይይዛል። የቤት ጠጅስ? ከጠማቂ ጠማቂ ይለያያል፤ ብርሌው ላይ የተጻፈ ቁጥር የለም።