ክንዱን ለክተን ልጁን ሳንጠይቅ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ተቋም ለምትሄድ እናት ባለ ቀለሟ የክንድ መለኪያ አዲስ አይደለችም። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። በምግብ እጥረት የተጎዳን ሕፃን ቶሎ በመለየት ብዙ ነፍስ አትርፋለች። የሚያሳስበኝ አረንጓዴው ላይ ስላረፈ ብቻ «ደህና ነው» ብለን የምንሸኘው ልጅ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በድሬዳዋ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት 72 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህን የክንድ መለኪያ አያየውም። ልጁ ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ እኩዮቹ ሲሮጡ ቁጭ ይላል። ቤተሰቡ «ሙቀቱ ነው» ይላል፤ ድሬ ላይ ለድካም ሁሉ ሙቀቱ ቅርብ ምክንያት ነውና።

አምስት ዓመት ከሞላው በኋላማ መለኪያውም ይቀራል። ትምህርት ቤት የሚመዘግበው ውጤቱንና ከክፍል መቅረቱን ነው። ለምሳሌ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ የተባለው በሽታ ከተማዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ40,000 በላይ ታማሚ ተቆጠረ። ትኩሳቱ በቀናት ይበርዳል፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን አንዳንዱን ሰው ለወራት አይለቀውም። ጣቱን ማጠፍ ያቃተው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እርሳሱን እንዴት ያዘ? በዚያ ቁጥር ውስጥ እሱ አንድ ታማሚ ነው፤ ሌላ ነገር አይነበብበትም።

ልጁን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄምስ ቫርኒና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት፣ በብዙ አገር የሚሠራበት የልጆች የኑሮ ጥራት መጠይቅ ጥያቄው 23 ብቻ ነው፤ ከአምስት ዓመት ጀምሮ መልሱን ልጁ ይሰጣል። መሮጥ ይከብደዋል? ይፈራል? እንቅልፍ እምቢ ይለዋል? ልጆች ያጫውቱታል? በትልቅ ሰው ፊት ዝም እንዲል ተደርጎ ያደገ ልጅ እንኳ፣ ጠያቂው አጠገቡ ቁጭ ብሎ በሚገባው ቋንቋ ካናገረው ሕመሙን ይናገራል።

ያ ቋንቋ በድሬ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዎቹ በሦስቱም ተዘጋጅተው በእኛው ልጆች መፈተሽ አለባቸው፤ ሥራው ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አቅም በላይ አይደለም። መስከረም ላይ ልጆች ለትምህርት ሲመዘገቡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አብራ ትቀመጥ። መልሱ የሚያሳስበውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ትላክ፤ ሌላ ቀን ተመልሳም ምን እንደተደረገለት ትጠይቅ።