የአንጎል ተመራማሪዎች ገመና ይሸፈን?

የብሪታንያ የነርቭ ሳይንስ ማኅበር የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ብላክ ሆርስ በተባለ የለንደን መጠጥ ቤት ውስጥ በሚደረግ ክርክር ነው። (ደግ ቦታ ነው፤ እዚያ ፕሮፌሰርም ይታረማል።) ያው ማኅበር ዛሬ የምርምር ተዓማኒነትን ዘመቻው አድርጓል። የሙያ ማኅበር ለአባላቱ በጀት ይጠይቅ እንጂ ገመና አደባባይ አያውጣ የሚል ካለ ተሳስቷል።

ገመናው ቀድሞ ወጥቷል። በ2013 ካትሪን በተንና ባልደረቦቻቸው የነርቭ ሳይንስ ጥናቶችን ሲፈትሹ፣ በእውነት ያለን ነገር የማግኘት አቅማቸው በመካከለኛ ግምት 21 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከአምስት ጊዜ አራቱን ይስታሉ ማለት ነው። ትንሽ ናሙና ደግሞ ያለውን ከመሳት አልፎ የሌለውን ያሳያል። ሕመምተኛው ኤምአርአይ ውስጥ የሚተኛው፣ ደሙን የሚሰጠው፣ መልስ ሊሰጥ ለማይችል ጥናት ነው?

ጥፋቱን ወጣቱ ተመራማሪ ላይ መደፍደፍ ግን ግፍ ነው። ኮንትራቱ ሊያልቅ ወራት ቀርተውታል፤ «ምንም አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ የሚያትምለት የለም። ታዲያ አንድ ነገር እስኪወጣው ቁጥሩን ቢያገላብጥ ምን ይገርማል?

መውጫው ተሞክሯል። የካርዲፉ ክሪስ ቼምበርስ ኮርቴክስ በተባለው መጽሔት ባስጀመሩት አሠራር፣ ገምጋሚዎች ጥያቄውንና ዘዴውን ከሙከራው በፊት ያያሉ። ካመኑበትና ተመራማሪው ዕቅዱን ከጠበቀ፣ ውጤቱ ያምርም አያምርም ይታተማል።

አሁን ማኅበሩ ዘመቻውን ወደ ቀጣሪዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በር ይውሰድ። የመጽሔት ስም እየቆጠሩ የሚቀጥሩና የሚያሳድጉ እነሱ ናቸው።